ቤቱ የማን፥ ሒሳቡስ በማን? የድሃ ተከራይ ታሪክ በአዲስ አበባና በኮለምበስ

መግቢያ

በውጭ አገር የምንኖር ተማሪዎች ስለ አገራችን ለመወያየት በተሰበሰብን ቁጥር ስለ እርሻ መሬት፥ ስለ ሥልጣንና ስለ ብሔረሰብ ጥያቄ ብዙ እንላለን። የቤት ኪራይና የመብራት ሒሳብ ነገር ሲነሳ ግን የጓዳ ወሬ ይመስል በአጭሩ ይቀጫል። ይሁን እንጂ አንድ ሠራተኛ ከደመወዙ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆርጠው ለጣሪያና ለማገዶ ነው። ስለዚህም በአንድ አገር ማን በማን ላይ ሥልጣን እንዳለው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሕገ መንግሥቱን ከማንበቡ በፊት የድሃውን የኪራይ ደረሰኝ ቢያነብ ብዙ ይማራል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በኦሃዮ ግዛት፥ ከኮለምበስ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በግሮቭ ሲቲ የምንኖር ጥቂት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነን። ከትምህርታችን ጎን ለጎን አዲስ ለሚመጡ ወገኖቻችን የኪራይና የጋዝ እርዳታ ቅጽ እንሞላለን፤ ደብዳቤ እንተረጉማለን። በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ዘወትር ይገጥመናል። አንደኛው፥ «እርዳታ ምጽዋት ነው፤ ሠራተኛውን ያስተኛዋል እንጂ ነፃ አያወጣውም» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «የሰጡህን ተቀበል፤ ከየት መጣ ብለህ አትጠይቅ» የሚል ነው። ሁለቱም ታሪክን ሳይመረምሩ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። የዚህ ሐተታ ዓላማ ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን በማቆም፥ ለድሃው ተከራይ የተሰጠው ነገር በምን ምክንያት እንደተሰጠ፥ በምን ምክንያትም ከእጁ እንደሚያመልጥ ማሳየት ነው። (የኢትዮጵያን ነገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ የአሜሪካንን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን። ከዚህ የወጣ ሲኖር «እ.ኤ.አ.» እንላለን።)

1. ከአዋጁ በፊት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከከተማነቷ ይልቅ የጦር ሰፈርነቷ ይጎላ ነበር። መሬቱ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ በየሰፈሩ ተሰጠ፤ ወታደሩ፥ አሽከሩና የእጅ ሠራተኛው በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሳሰሉት ስሞች የዚህ ድልድል ምስክሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ዐፄ ምኒልክ የከተማውን መሬት በግል ይዞታነት የሚያጸና ደንብ ካወጡ ወዲህ ደግሞ መሬቱ የሚሸጥ፥ የሚለወጥና የሚከራይ ንብረት ሆነ። በዚህ አኳኋን በጦር አገልግሎት የተገኘ ሰፈር ቀስ በቀስ የኪራይ ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቢሮው፥ ፋብሪካውና ንግዱ ሲስፋፋ ከየጠቅላይ ግዛቱ ሥራ ፈላጊ ወደ ዋና ከተማው ጎረፈ። ባለመሬቱ በግቢው ጥግ የጭቃ ክፍሎች ደርድሮ ያከራይ ጀመር፤ ወይም ባዶ መሬቱን አከራይቶ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ቤት እንዲሠራበት ያደርግ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፥ ግድግዳው ጭቃ፥ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር። የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1956 ከተቋቋመ፥ የቆቃ ግድብም እ.ኤ.አ. በ1960 ኃይል መስጠት ከጀመረ በኋላ እንኳ ድሃው ተከራይ መብራት የሚያገኘው ከባለቤቱ ቆጣሪ በተሳበ ገመድ ነበር። ለምግብ ማብሰያ ደግሞ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው የሚያወርዱ ሴቶች የከተማውን ምድጃ ሲያነዱ ኖረዋል።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ በወጣ ጊዜ መፈክሩ በዋነኛነት የጭሰኛውን ጥያቄ የያዘ ነበር። የከተማው ተከራይም በአኗኗሩ ከጭሰኛ ብዙ አይለይም ነበር፤ በሰው መሬት ላይ ይኖራል፥ ላቡን ይገብራል፥ ባሰኘው ጊዜ ውጣ ይባላል። የሚለየው ጭሰኛው ስም ያለው ሲሆን የከተማው ተከራይ ግን በትግሉ መዝገብ ውስጥ የራሱ ስም አልነበረውም።

2. አዋጅ ቁጥር 47

በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ መናር የአዲስ አበባን የታክሲ ነጂዎች በየካቲት ወር ለአድማ አነሳሣ። መምህራኑም፥ ወታደሩም፥ ሠራተኛውም በየፊናው ተነሣ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 መኸር የተጀመረው ያው የነዳጅ ቀውስ ነው ኋላ በኦሃዮ የጋዝ ሒሳብ ላይም ነፍስ የዘራው። የሁለቱ ከተሞች ታሪክ የተገናኘው ዛሬ እኛ በስደት ስለመጣን አይደለም፤ ያን ጊዜም በአንድ ገበያ ታስረው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሆነ። ከአምስት ወር ያህል በኋላ፥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ዋና ዋና ድንጋጌዎቹ የሚከተሉት ነበሩ።

ሀ. የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለቦታው ካሣ አልተሰጠም።
ለ. አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ለአዲስ መኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ።
ሐ. ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ማከራየት የመንግሥት ሥራ ሆነ።
መ. ኪራይ በደረጃ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍል የነበረው ከፍተኛውን ቅናሽ አገኘ።
ሠ. በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ።

ይህን በደረቁ ዘርዝረን ማለፍ አይገባንም። በአንድ ጀምበር በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከባለቤቱ ፊት መንቀጥቀጥ ቀረለት። ኪራይ የሚጨምርበት፥ ዕቃውን በር ላይ የሚያወጣበት ጌታ ጠፋ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር፤ አዋጁን ያወጣው ማን ቢሆን፥ ኋላም ምን ቢፈጽም፥ ለውጥነቱ አይካድም። ትርፍ ቤት ያልነበራቸው፥ አንዲት ክፍል አከራይተው ልጆቻቸውን ያሳድጉ የነበሩ ባልቴቶችም አብረው መነካታቸው እንዲሁ አይካድም። ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም መጻፍ አለበት።

3. ቀበሌው ባለቤት ሲሆን

አዋጁ ቤቱን ከባለመሬቱ ወሰደ፤ ነገር ግን ለተከራዩ አልሰጠውም። በመካከል ቀበሌ ቆመ። ቀበሌ በመጀመሪያ የተፀነሰው ነዋሪው ራሱ መርጦ ራሱን የሚያስተዳድርበት ማኅበር ሆኖ ነበር። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ግን ቀበሌ የቤት ቁጥር ይዞ ሰው የሚለቅም፥ እስር ቤት ያለው ጽሕፈት ቤት ሆነ። ቤት የሰጠ እጅ፥ ስኳርና ጨው በራሽን የሚያድል እጅ፥ ወጣቱን ከእናቱ ቤት የሚወስድ እጅ አንድ ሆነ። ተከራዩ ከባለመሬቱ ቁጣ ተላቅቆ በመታወቂያ ደብተር ቁጣ ሥር ወደቀ።

ሁለተኛው ችግር የጥገና ነው። ኪራዩ ዝቅ ብሎ ተወሰነ፤ ቤቱን የሚያድስ ገንዘብ ግን ከየትም አልተመደበም። ባለቤቱ ቀበሌ ነው እየተባለ ቀበሌው ባዶ ካዝና ነበረው፤ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስን ይፈራ ነበር፤ አድሶ ቢገኝም ያለ ፈቃድ ሠራህ ይባላል። በዚህ ሁኔታ ጭቃው ተሸረሸረ፥ ቆርቆሮው ዛገ። ማከራየት በሕግ ስለተከለከለም ለኪራይ የሚሠራ አዲስ ቤት እጅግ አነሰ፤ ከገጠር የመጣውና አዲስ ጎጆ የወጣው ወጣት በዘመዱ ቤት በደባልነት ተጠጋ። ስለዚህ አዋጁ ቤት የነበረውን ተከራይ ጠበቀ፤ በኋላ ለሚመጣው ግን በሩን ሳይከፍትለት ቀረ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሠርት ዓመታት በጥቂት ብሮች ላይ ቆሞ ሲኖር፥ ደባሉ የሚከፍለው በየዓመቱ ይንር ነበር።

4. ኮለምበስ፦ ቤቱ ከባለቤቱ ጋር፥ እርዳታው ከመንግሥት

አሁን ወደምንኖርበት አገር እንመለስ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ኦሃዮ በ1933 የቤት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት የሚያቋቁም ሕግ በማውጣት ከግዛቶቹ ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆነች። የኮለምበሱ የቤቶች ባለሥልጣን በ1934 ተመሠረተ። በምሥራቅ ኮለምበስ ብላክቤሪ ፓች ይባል የነበረው የጥቁሮች የድሃ ሰፈር ፈርሶ በምትኩ 414 ቤቶች ያሉት ፖይንዴክስተር መንደር ተሠራ፤ ጥቅምት 12 ቀን 1940 ፕሬዚደንት ሩዝቬልት ራሳቸው መጥተው መረቁት። የመንደሩ ስም የተወሰደው ከጥቁሩ ቄስና የፖለቲካ መሪ ከጄምስ ፖይንዴክስተር ነው። በ2013 የዚህ መንደር አብዛኛው ክፍል ፈረሰ፤ ሁለት ሕንፃዎች ብቻ ለታሪክ መታሰቢያ ተረፉ። አንዱን ድሃ አፍርሶ ለሌላው መሥራት፥ ያንንም ኋላ ማፍረስ የአዲስ አበባ ብቻ ልማድ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በ1969 ኮንግረስ በመንግሥት ቤት የሚኖር ሰው ኪራይ ከገቢው 25 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በ1981 ይኸው ወደ 30 በመቶ ከፍ ተደረገ። በነሐሴ 1974 ደግሞ «ሴክሽን ኤይት» የሚባለው መጣ። በዚህ አሠራር መንግሥት ቤት መሥራቱን ትቶ፥ ድሃው ከግል ባለቤት ሲከራይ ከገቢው በላይ የሆነውን የኪራይ ክፍል ይከፍልለታል። አዋጅ ቁጥር 47 ከዚህ የተለየው በአሥራ አንድ ወር ብቻ ነው፤ መንገዱ ግን ተቃራኒ ነው። አንዱ ባለቤቱን አስወገደ፤ ሌላው ባለቤቱን እንደያዘ ደጎመው። የአሜሪካኑ አሠራር ሌላም ጉድለት አለበት፦ መብት ሳይሆን የበጀት ጉዳይ ነው። ብቁ ከሆኑት አራት ቤተሰቦች አንዱ ያህል ብቻ የፌዴራሉን የኪራይ እርዳታ ያገኛል፤ የቀሩት በተራ መዝገብ ላይ ይጠብቃሉ።

የማገዶው እርዳታ ታሪክ ደግሞ በብርድ ይጀምራል። በ1977 መጀመሪያ ላይ በኦሃዮ የተፈጥሮ ጋዝ እጥረት ሆነ፤ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ የኮለምበስ ተማሪዎች በየካቲት ወር ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ በቴሌቪዥን፥ በራዲዮና በጋዜጣ ተማሩ። በዓመቱ፥ በጥር 1978፥ የበረዶ ማዕበል በኦሃዮ ብቻ ከአምሳ የማያንስ ሰው ገደለ። ዋጋው በየዓመቱ ሲጨምር ሒሳቡን መክፈል ያቃተው በክረምት እኩሌታ ጋዙ ይቆረጥበት ጀመር። ኮንግረስ በ1981 «ሂፕ» እየተባለ የሚጠራውን የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የማሞቂያ እርዳታ በሕግ አቋቋመ።

በኦሃዮ ግን ይህ አልበቃም። በ1982ና በ1983 ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲበትኑ በግዛቱ ከአሥር ሠራተኞች ከአንድ በላይ ሥራ ፈት ሆነ። የኦሃዮ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን በ1983 የገቢ መቶኛ ክፍያ የሚባለውን ዕቅድ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ድሃው ቤተሰብ ሒሳቡ ምንም ያህል ቢመጣ ለጋዝና ለመብራት በድምሩ ከገቢው 15 በመቶ ይከፍላል፤ ይህን እስከከፈለ ድረስ አይቆረጥበትም። ቀሪው ገንዘብ ግን በስሙ ዕዳ ሆኖ ይከማች ነበር። በዚህም ምክንያት በሺሕ የሚቆጠር ዕዳ ተሸክሞ ከዕቅዱ ለመውጣት የሚፈራ ቤተሰብ ተፈጠረ፤ ገቢው ትንሽ ቢያድግ ዕዳው ይጠብቀዋልና። በ2010 ይህ ተሻሻለ፤ ክፍያው ለእያንዳንዱ አገልግሎት ወደ 6 በመቶ፥ ኋላም ወደ 5 በመቶ ወረደ። በጊዜው ለሚከፍል ሰውም በየወሩ ከዕዳው ከ24 እጅ አንድ እጅ ይሰረዝለታል።

ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? በአብዛኛው ኩባንያዎቹ አይደሉም። ከየደንበኛው ሒሳብ ላይ በትንሽ በትንሹ በሚታከል ክፍያ ይሰበሰባል። እንግዲህ «የሰጡህን ተቀበል» ለሚሉት ወገኖቻችን መልሳችን ይህ ነው፤ ማንም አልሰጠህም፤ ጎረቤትህ ከፍሎልሃል፥ አንተም ሥራ ስትይዝ ለጎረቤትህ ትከፍላለህ። «ምጽዋት ነው» ለሚሉትም መልሱ ያው ነው።

5. ቆጣሪው በማን ስም ነው?

ሁለቱን ታሪኮች ስንመረምር አንድ የጋራ ነገር እናገኛለን፤ እርዳታው የሚቆመው ቆጣሪው ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የመብራት ታሪፍ ለድሃው ታስቦ የተደረገ ክፍል አለው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ፍጆታው እየጨመረ ሲሄድ ዋጋውም ይጨምራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን በአንድ ግቢ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ቢኖሩና እያንዳንዱ 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፥ ቆጣሪው የሚያነበው 180 ነው። ድጎማው የታሰበላቸው አራት ድሆች በቆጣሪው ዓይን አንድ ሀብታም ሆነው ይታያሉ፤ ቪላ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ቁጠባ አዋቂ ግን ድጎማውን ያገኛል። ቆጣሪው በስሙ ያለው አከራይ በበኩሉ ለተከራዮቹ የወደደውን ተመን ያወጣል።

በኮለምበስም ይኸው ነገር በሌላ መልክ ታየ። በብዙ የኪራይ አፓርታማዎች መብራቱን በጅምላ ገዝቶ ለየተከራዩ የሚያከፋፍለው በባለቤቱ የተቀጠረ አማካይ ኩባንያ ነው። የዚህ ዓይነት ኩባንያ በኮሚሽኑ ቁጥጥር ሥር አይደለም ተብሎ ለብዙ ዓመታት ስለኖረ፥ በዚያ ሕንፃ የሚኖር ድሃ በገቢ መቶኛ ዕቅድ ውስጥ ሊገባ አልቻለም። ጉዳዩ አንዲት ተከራይ ባቀረበችው ክስ በ2020 እስከ ኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። አዲስ መጤ ወገኖቻችን ቤት ሲፈልጉ የኪራዩን ዋጋ ብቻ ይጠይቃሉ፤ መብራቱ በማን ስም እንደሚመጣ ግን አይጠይቁም። ከፊርማ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ክረምቱን ሙሉ ሊያድን ይችላል።

እንግዲህ ነጥቡ ይህ ነው። ባለመሬቱ፥ ቀበሌው፥ ኩባንያው ማንም ይሁን ማን፥ በመንግሥትና በተከራዩ መካከል ስሙን ያስመዘገበ አማካይ ካለ እርዳታው በእሱ እጅ ይቀራል። ድሃው በወረቀት ላይ የለም፤ በወረቀት ላይ የሌለ ሰው ደግሞ አይረዳም።

6. ከዚያ ወዲህ

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላም የከተማ መሬት የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ በሊዝም ይተላለፍ ጀመር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተስፋፋ። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ፤ ለዝቅተኛው ገቢ የታሰበው 10/90 የሚባለው ነበር፤ ተመዝጋቢው አሥሩን እጅ ይቆጥባል፥ ዘጠናው የባንክ ብድር ነው። ዕጣ የደረሰው ብዙ ድሃ ግን ብድሩን መክፈል ስላቃተው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ወደ ከተማው ዳር ሄደ።

በ2016 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ተከሰቱ። በአንድ በኩል የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ ፒያሳን የመሳሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ የቀበሌ ቤት ውል ያለው ምትክ ሲጠየቅለት፥ ውል በስሙ የሌለው ደባል ግን በዝርዝሩ ላይ ለመግባት ምንም ወረቀት አልነበረውም። በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይን ለመቆጣጠር ወጣ፤ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፥ ጭማሪውም በተቆጣጣሪው አካል እንዲወሰን ደነገገ። ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የኪራይ ጥያቄ ወደ አዋጅ መመለሱ ጥያቄው እንዳልተፈታ ያሳያል።

በአሜሪካም ያለው ነገር የጸና አይደለም። በሚያዝያ 2025 የማሞቂያውን እርዳታ በፌዴራል ደረጃ የሚያስተዳድሩት ሠራተኞች በሙሉ ተሰናበቱ፤ በዚያው ዓመት የቀረበው የመንግሥት የበጀት ሐሳብም ፕሮግራሙ ጨርሶ እንዲሰረዝ ጠየቀ። በብርድ ጩኸት የተገኘ ነገር በዝምታ ሊወሰድ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነው።

አንደኛ፥ ለድሃ ተከራይ የተሰጠ ነገር ሁሉ የተገኘው ቀውስ ገዢዎችን ባስፈራ ጊዜ ነው፤ በአዲስ አበባ በአብዮት፥ በኮለምበስ በብርድና በሥራ ማጣት። ስለዚህ እርዳታን መናቅ የታገሉትን መናቅ ነው።

ሁለተኛ፥ ቤቱን ከአንዱ ጌታ ወስዶ ለሌላው መስጠት ተከራዩን ባለመብት አያደርገውም። አዋጅ ቁጥር 47 የወደቀው ኪራይ ስለቀነሰ አይደለም። ተከራዩ በጥገናው፥ በምደባውና በቀበሌው ላይ ቃል ስላልነበረው ነው። ወደፊት ስለ ከተማ የሚጻፍ ማናቸውም ፕሮግራም «ቤቱ የማን ይሁን?» ብቻ ሳይሆን «ተከራዩን ማን ማስወጣት ይችላል? እሱስ ለማን ይግባኝ ይላል?» የሚለውን መመለስ አለበት።

ሦስተኛ፥ እርዳታ ወደ ሰው እንጂ ወደ ቆጣሪ መሄድ የለበትም።

ተግባራችንም ከዚህ ይመነጫል። በየከተማው ያላችሁ ወገኖች ቅጽ ማስሞላትን እንደ በጎ አድራጎት ብቻ አትዩት፤ ማን ተከለከለ፥ በምን ምክንያት ተከለከለ የሚለውን ስም ሳትጠቅሱ መዝግቡ። የመብራትና የጋዝ ዋጋ ሲጨመር በሚደረጉት የሕዝብ ስብሰባዎች ላይ ተገኝታችሁ ተናገሩ፤ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። በአገር ቤት ያሉ ወላጆቻችሁንም ስለ ቀበሌ ቤታቸው፥ ስለ ደባላቸውና ስለ ቆጣሪያቸው ጠይቃችሁ ጻፉልን። የከተማው ተከራይ ታሪክ ገና አልተጻፈም፤ የሚጻፈውም ደረሰኙን ከያዙት ሰዎች ነው።

መጠለያ መብት እንጂ ምጽዋት አይደለም!